የምላጭ እጅና የቡና ቅጠል

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ንገረን ብላችሁ ብታስጨንቁኝ አንዱን ጠርቼ ልገላገል እችላለሁ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። የማስታውሰው ቦላሌ ሱሪ ጨርሶ ከከተማው ያልወጣበት፣ ጎረምሳው መስታወቴ ፊት ተቀምጦ ጎፈሬውን ልቆረጥ አልቆረጥ እያለ የሚያመነታበት ሰሞን እንደነበር ነው። ፀጉር በሃምሳ ሳንቲም እቆርጥ ነበር፤ ጢም ሲጨመር ሰባ አምስት ይሆናል። ሀዋሳን ያኔ ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ አልመጣም፤ ቃጭሉን እያንሿሿ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ጋሪውን ላስቲክ ያለብሱትና ውስጡ እርጥብ የፈረስ ጠረን ይታፈናል። ዓመቱ ጠፋብኝ እንጂ የሆነው ነገር አልጠፋብኝም፤ የሆነው በእጄ ላይ ነዋ። እጅ አይረሳም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው ባለፈው ሰሞን የመጣ ስልክ ነው። የደወለችው የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ራቢያ ናት። አባቷና እኔ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ብዙ ዘመን ሠርተናል። እሱ ጨርቅና ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር፤ እኔ ፀጉር እቆርጥ ነበር። እሱ የስልጤ ሰው ነው፣ ሙስሊም፤ እኔ የወላይታ ሰው ነኝ፣ ጴንጤ። በስም ተጠራርተን አናውቅም። እሱ ጠዋት በሩን ሲከፍት «ጎረቤት!» ይላል፤ እኔ «አቤት ጎረቤት!» እላለሁ፤ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ አባዬ ብሶበታል» አለችኝ። «አለ?» አልኳት። «አይዞዎት፣ አለ። ግን ከአልጋ መውረድ ትቷል። ኢድ ደረሰ አይደል? አንገቱን ተላጭቶ መዋል ይፈልጋል። አንድ ፀጉር ቆራጭ ልጅ አምጥተንለት ነበር፤ ገና ከበሩ ሲገባ አየውና ‘ይሄ ልጅ መርቅኗል፣ ምላጭ ይዞ እንዳይጠጋኝ’ ብሎ አባረረው።»

«እውነት መርቅኖ ነበር እንዴ?»

«ነበር» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እርስዎ ካልመጡ አንገቴን ለማንም አልሰጥም ብሏል። ይችላሉ?»

እችላለሁ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ስልኩን አስቀምጬ ቀኝ እጄን ወደፊት ዘረጋሁት። ተንቀጠቀጠ። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ንፋስ እንዳገኘው የቄጠማ ጫፍ። በቀደም ያየኝ ወጣት ሐኪም «አባባ፣ እድሜ ነው፣ አያስጨንቅዎት» ብሎኝ ነበር። እድሜውን ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያሳርፍ ለኖረ ሰው ነው እንግዲህ አያስጨንቅዎት የሚባለው። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሻይ ብርጭቆ ቢያንቀጫቅጭ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ምላጭ ግን ሌላ ነው። ኢድ እስኪደርስ ድረስ እጄን እንደ ታማሚ ልጅ እያየሁ ሰነበትኩ፤ ጠዋት አየዋለሁ፣ ከምሳ በኋላ አየዋለሁ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ ሰው ሲያልፍ ከጋቢዬ ስር እደብቀዋለሁ። ሳየው ሳየው ነው ያ ዘመን የመጣብኝ፤ ይህች እጅ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ከድታኝ ነበርና።

ሱቃችን ከድሮው ገበያ ወረድ ብሎ፣ ዘንባባዎቹ ከሚጀምሩበት ጥግ ላይ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞ ስልክ ይሸጥበታል። ያኔ ግን ከበራችን ፊት ለፊት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ኮት ለብሰው ቆመው ይውሉ ነበር፤ የዓሣ አንጀት የሚጥልላቸው ሰው ይጠብቃሉ። ጎረቤቴ ቴፕ ነበረው፤ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ የወንድ ይሁን የሴት መለየት እስኪያቅት ድረስ ይጎተታል፤ ያኔ እሱ «ዘፋኙም ጫቱ ወረደበት» ይላል። የኔ ሱቅ ጠባብ ናት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ አንድ ዘይት የማይጠግብ የእጅ ቶንዶስ፣ ኮሎኝ፣ ነጭ ፎጣ፣ ምላጭ። አንድ አግዳሚ ወንበርም አለች፤ ተራ የሚጠብቅም ተራ የማይጠብቅም የሚቀመጥባት።

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ቆጥሬ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። ግን ፀጉር ቆራጭ ሆናችሁ ብዙ ጊዜ ከቆያችሁ የሰው ገላ ይነግራችኋል። ጣት ጆሮ ግንድ ላይ ሲያርፍ፣ አገጭ ቀና ሲደረግ፣ የአንገት ደም ስር ከምላጩ ስር ሲመታ፣ ሰውዬው ምን ቀምሶ እንደመጣ ይታወቃል። ቡና ሳይጠጣ የመጣ ሰው ግንባሩ ይኮማተራል፣ ቶንዶሱ ቆንጠጥ ካደረገው ይቆጣል። ጠጥቶ የመጣ ግን ዓይኑ ብርት ያለ ነው፤ ደም ስሩ ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ቆዳው ለስለስ ይላል፤ ጥቂት ይቆይና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሻይ ደግሞ እንደ ቡና ታናሽ ወንድም ነው፤ ያንኑ ሥራ በግማሽ ልብ ይሠራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የጣቱ ጫፍና ጆሮው ይቀዘቅዛል፤ ሱረት የሚስብ ሰው ደግሞ ምላጩ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ያስነጥሰዋል፤ እሱን በጣም ነበር የምፈራው።

ጫት የቃመ ሰው እንዲህ አይደለም። ጫት ደረጃ አለው። በምርቃናው ጊዜ ጆሮ ግንዱ ይሞቃል፣ መንጋጋው ባዶውን እንኳ ያላምጣል፣ ላብ ችፍ ይልበታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ወሬው አያልቅም። ፎቅ ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ የተጣላውን ሁሉ ያስታርቃል፤ ይህን ሁሉ ከወንበሬ ሳይነሳ። ሲወርድበት ደግሞ ዝም ይላል፤ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ምላጭ ሲነካው ክው ይላል። በማግስቱ ሲመጣ ዱካክ ሲያስጨንቀው ያደረ ፊት ይዞ ነው። እኔ ለደንበኞቼ እላቸው ነበር፦ ቡና እንግዳ ነው፣ መጥቶ ተጫውቶ ይሄዳል፤ ጫት ግን ሲመጣ ደስ ብሎ፣ ሲሄድ ቤቱን አመሳቅሎ ነው። ቡና እንቅልፍን በር ላይ ያቆየዋል፤ ጫት ከነአልጋው ያስወጣዋል። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ «ያልቀመሰ ነው የሚፈርደው!» ብሎ ይጮሃል። እሱ ይቅም ነበር። ከምሳ በኋላ በኮባ የተጠቀለለውን ይፈታል፣ ለውዝና ቀዝቃዛ ውሃ ያስቀምጣል፣ ጨርቅ እየለካ ቀስ አድርጎ ይቅማል። የሚገርመው እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ጨርቅ ሲቀድ መቀሱ መስመር አይስትም።

ለፍቼ በዓል ወደ ጉዱማሌ ሜዳ የሚወርዱ የሲዳማ ሽማግሌዎችም ከበዓሉ በፊት እኔ ጋ ይመጡ ነበር። አንዱ አባት ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ ቡና በትንሽ ቅል ይዘው ይዞራሉ። ይበሉታል እንጂ አይጠጡትም። አንድ ጊዜ በመዳፌ ላይ ጥቂት አፈሰሱልኝ፤ «ብላ፣ ቆመህ ነው የምትውለው» አሉኝ። በላሁ። ያው ቡና ነው፣ ግን ቅቤው ጉልበቱን ቀስ እያደረገ ነው የሚለቀው፤ ሳያጣድፈኝ፣ ሳይርበኝ ዋልኩ። የሳቸውን አንገት ስላጭ ደም ስራቸው እንደ በሬ እርምጃ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የማይዛነፍ። ታዲያ ይህን ሁሉ በጣቴ የማውቅ ሰው ነበርኩ ማለት ነው። የሌላውን ሰው።

የራሴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አላመንኩም። መጀመሪያ ቶንዶሱ ነው አልኩ፤ ፈትቼ አጸዳሁት። ከዚያ ወንበሩ ነው አልኩ፤ ብሎኑን አጠበቅሁ። ቀጥሎ ልቤ መጣ። ቆሜ እየሠራሁ ድንገት ድም ድም ድም ይልና አንዷን ይዘላታል፤ የዘለላት ጊዜ መሬቱ ከእግሬ ስር የሸሸ ይመስለኛል። ሌሊት ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። አባቴ ድንገት ነው የሞተው፤ እርሻ ላይ ደረቱን ይዞ ቁጭ እንዳለ። እኔም እንደዚያ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ ደግሞ ልቤን ያፈጥነዋል፣ የልቤ መፍጠን ፍርሃቱን ይጨምረዋል። ለዘነበች፣ ለባለቤቴ፣ ነገርኳት። ወደ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች።

ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ጨዋ ሰው ነበር፤ ደረቴን አዳመጠ፣ ዓይኔን ገልጦ አየ።

«ጫት ትቅማለህ?»

«ኧረ እኔ የጌታ ልጅ ነኝ!»

«ሲጋራ?»

«በፍጹም።»

«ቡና?»

«ጠዋትና ከሰዓት፣ ያው እንደ ሰው።»

«ተው። ሻይም ቀንስ። ከዚያ እናያለን።»

ትክክል ነበር የነገረኝ፤ ዛሬም ድረስ አልፈርድበትም። ቡናን ተውኩ፣ ሻይንም ተውኩ። ራሴን ሊፈልጠኝ ነው ብዬ ነበር፣ አልፈለጠኝም። አያችሁ፣ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። የቡና ሰው ቡናውን ሲተው ራሱ ሳይፈለጥ እንደማይቀር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ ግን ጌታ ረድቶኝ ነው አልኩ።

በኛ በወላይታዎች ሀይጣ ቱኬ የሚባል አለ። የቡና ቅጠል ነው። ቅጠሉ ይወቀጥና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ይፈላል፤ ከተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ቦዬ ከሚባለው ሥራ ሥር ጋር በኩባያ ይጠጣል። እኛ ቤት ይህ መጠጥ አይደለም፤ ቁርስ ነው። የታመመ ሰው ይጠጣዋል፣ አራስ ትጠጣዋለች፣ ብርድ የመታው ይጠጣዋል። ዘነበች ጓሮአችን ካሉት የቡና ዛፎች ትቀጥፍና ጠዋት በማሰሮ ሱቅ ድረስ ታመጣልኝ ነበር። ልቤን አመመኝ ስላት ደግሞ ሴትየዋ ምን ታድርግ፤ የታመመ ባል ይዛለች። ጠንካራውን ቅጠል ትታ ለጋ ለጋውን መቅጠፍ ጀመረች። አንድ ማሰሮ የነበረው ሁለት ሆነ። ቡናውን ስተው «በቡናው ፋንታ ይሄን ጠጣ፣ ልብህን ያረጋልሃል» አለችኝ። ጠጣሁ። ልቤ ባሰበት። ሲብስበት ጨመረችልኝ።

እንዲህ እያለን ሳለን ያ ቀን ደረሰ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር ወንበሩ ላይ፤ ሰፊ ሰው፣ ቀልደኛ። አገጩን ቀና አድርጎ ስለ ሻሸመኔ መንገድ እያወራኝ ነው። ልቤ አንዷን ዘለላት። እጄ ወረደ። ትንሽ ነው የቆረጥኩት፣ ከማንቁርቱ ጎን፣ ግን ነጩ ፎጣ ላይ ደሙ ሲታይ አግዳሚዋ ላይ የነበሩት ሁሉ ብድግ አሉ። ሾፌሩ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ማርቆስ፣ ልጆች አሉኝ እኮ» ብሎ ብቻ ሄደ።

ወሬ በአዋሳ ከጋሪ ፈረስ ይፈጥናል። ማርቆስ ተደብቆ ይቅማል ተባለ። ማታ ማታ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳውን በስቶ ይቀባበላል ያሉም ነበሩ። አግዳሚዋ ባዶ ሆነች። ጢሙን የሚያስላጭ ሰው ጠፋ፤ ፀጉሩን የሚቆረጥም ወንበሩ ላይ ሆኖ እጄን እንጂ መስታወቱን አያይም። ዘነበች እርጉዝ ነበረች፣ የመጀመሪያችን። እጄ ካልተመለሰ ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? የሰው ዕቃ ተሸክሜ እንዳልበላ ልቤ ይዘላል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ወንበር እያሽከረከርኩ ይህንኑ አስባለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሰምተው ቤት መጡ። ሦስት ናቸው፤ የከበሩ ሰዎች፣ ሦስቱም ያገሬ ልጆች። ተቀመጡ። ዘነበች ማሰሮዋን አቀረበች፤ እንግዳ በባዶ አይሸኝም። ትልቁ ሽማግሌ ኩባያቸውን እፍ እያሉ፦

«ወንድም ማርቆስ፣ በጌታ ፊት ነን። ትቅማለህ?»

«አልቅምም፣ አባቴ።»

«ሰው አየሁ ይላል።»

«ሰው ያየው እጄን ነው።»

«እህታችን፣ ጨምሪልን እስቲ፣ ጥሩ አድርገሽዋል» አሉ ሁለተኛው። ደግመው ጠጡ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና ጸለዩልኝ። እንዴት ያለ ጸሎት መሰላችሁ! ድምፃቸው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር፤ ጉልበታቸው አላልቅ ብሎ መዝሙር ጨመሩ። የጫኑብኝ እጅ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ መንፈስ ነው ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ሳቅ ያፍነኛል፤ ያን ቀን ግን አንዳችም የሚያስቅ ነገር አልነበረበትም። ሲወጡ ትልቁ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «የልብህን ጌታ ያያል» አሉኝ። አላመኑኝም ማለት ነው።

ረመዳን ገባ። ጎረቤቴ ረመዳን ሲገባ ጫቱን ወሩን ሙሉ ይተዋል። ሌላው ካፈጠረ በኋላ ይቅማል፤ እሱ ግን «ወሩን ሰጥቻለሁ፣ የሰጠሁትን አልቀንስም» ይላል። ቡና ደግሞ ጨጓራውን ስለሚያስነሳበት ድሮም አይጠጣም። ስለዚህ በዚያ ወር ገላው እንደታጠበ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ምንም የለበትም። አንድ ቀን ማታ ዘነበች ለማፍጠሪያ ብላ ቦዬ ቀቅላ፣ ማሰሮዋን ሞልታ ላከችለት። እኛ ለነሱ ጾም እንልካለን፣ እነሱ ለገና ይልኩልናል፤ እንዲያ ነበር።

በማግስቱ ገና በሩን ሳልከፍት፦

«ጎረቤት!»

«አቤት ጎረቤት!»

«ትናንት ሚስትህ የላከችልኝ ምንድነው?»

«ሀይጣ ቱኬ ነው፤ ቅጠል። ምነው፣ አልጣመህም?»

«ጣመኝ እንጂ፣ ማሰሮውን አይደል እንዴ የገለበጥኩት። ግን ወላሂ ዓይኔን ሳልከድን ነው የነጋው! እኔ! ጫት ቅሜ እንኳ የማንኮራፋው ሰውዬ! ልቤ ድም ድም ሲል አደረ። ተመልከት እስቲ።»

እጁን ዘረጋ። ያ መስመር የማይስተው እጅ ተንቀጠቀጠ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ እኔም የኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን አየናቸው። አንድ ዓይነት ነበር የሚንቀጠቀጡት። ከአንድ እናት የተወለዱ ነበር የሚመስሉት።

«አንተ ይሄን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጠጣው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እንጃ። ጠዋት… ረፋድ ላይ… ከምሳ ጋር… ሲያመኝ ደግሞ…»

«ጎረቤት፣ አንተ እኮ ዋና ቃሚ ነህ! ጫትህን ቀቅለኸው ነው እንጂ!»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የሰውን ሁሉ አንገት ሳነብ፣ የራሴን ማሰሮ አላነበብኩም። ቅጠሉም ያው ቡና ነው፣ ለጋው ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። የሚበላ ነገር ላይ ማን ይጠረጥራል? ድሬሰሩ ምን ትጠጣለህ ነው ያለኝ፤ ቁርስህ ምንድነው ቢለኝም «ቦዬ» ነበር የምለው።

ዘነበችን ማሳመን ግን ሌላ ጦርነት ነበር። «የእናቴን ቅጠል? እኔ በሱ ነው ያደግሁት! ጫት ቃሚ ተነስቶ የኔን ማሰሮ ይከሳል?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ከዚያ ራሷ ማሰሮውን አጥባ በአፉ ደፋችው። አልቅሳ ነው የደፋችው፤ ልታድነኝ ብላ ያጠጣችኝ መሆኑን ስታስበው።

ቅጠሉን ስተው ያ የቀረ ራስ ምታት ከነወለዱ መጣ። ራሴን በሻሽ አስሬ ዋልኩ። የሰው ድምፅ ያስጠላኛል፣ አጥንቴ ይቆረጣጠመኛል፣ ቅጠሉ ውል ውል ይለኛል። ጎረቤቴ ይህን ስነግረው «እሱ ሀራራ ይባላል፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። እሱም በዚያ ወር ያው ነበርና ግድግዳውን መሃል አድርገን እንቃሰት ነበር። «ጎረቤት፣ አለህ?» ይላል። «አለሁ» እላለሁ። «እኔም አለሁ፣ በግድ» ይላል። እስከ ኢድ አብረን እንጹም፣ እኔ የኔን አንተ የአንተን፣ ተባባልን።

ግን ራስ ምታቱ ቢያልፍም፣ ልቤም ቀስ በቀስ መዝለሉን ቢያቆም፣ አንድ ነገር አልተመለሰም። ምላጩን ማንሳት ፈራሁ። የሾፌሩ ደም ዓይኔ ላይ ነበር። እጄ ይሁን ፍርሃቴ የሚንቀጠቀጠው መለየት አቃተኝ፤ ደንበኛም አልተመለሰም። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ሱቁን ሳይከፍት መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ጢሙን አይነካም፤ ከጢሙ በታች ያለውን ጉሮሮውን ነው የሚላጨው፣ የመጨረሻው አስቸጋሪ ቦታ።

«ላጨኝ» አለ።

«አልችልም።»

«በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው። መንገደኛው ይይ።»

«ጎረቤት፣ ብቆርጥህስ?»

«ጾመኛ ነኝ፤ ከዚህ ጀነት ቅርብ ነው» አለና አገጩን ወደ ላይ አነሳ። ዓይኑን ጨፈነ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ምላጩን አነሳሁ። ምላጩ ሲነካው ማንቁርቱ ወጣ ወረደ፤ እሱም ፈርቶ ነበር። ፈርቶ ነው አንገቱን የሰጠኝ። ያን ቀን ግማሹን ብቻ ላጭቼ አቆምኩ፤ ለግማሹ ነገ እመጣለሁ ብሎ አንገቱን ግማሽ አድርጎ ጨርቁን ሲሸጥ ዋለ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ፀጉር ቆራጬ ሰነፍ ነው እንጂ እጁስ ወርቅ ነው» እያለ። በማግስቱ መጣ። በማግስቱም። ፀጉር ባይበቅልም መጣ። ደም ስሩ ከምላጬ ስር ቀን በቀን እየረጋ ሲሄድ፣ የኔም አብሮት ረጋ። ኢድ ሲቃረብ አግዳሚዋ ላይ አንድ ሰው ተቀመጠ፣ ከዚያ ሁለት። ሾፌሩ ሳይቀር መጣ፤ «ልጆቼ ላኩኝ» ብሎ።

ከኢዱ በኋላ ጎረቤቴ ኮባውን ፈታ። «ይኸው፣ ያልቀመሰ ይፍረድ» አለኝ እየሳቀ። እድሜውን ሙሉ ቃመ። ጥርሱ ሲያልቅ ራቢያ በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጠች ትሰጠው ነበር። እኔ ቅጠሉን ደግሜ አልቀመስኩም፤ ዘነበችም ጌታ ጋ እስክትሄድ ድረስ ቤታችን ውስጥ አላፈላችውም። የጓሮው ቡና ግን አለ፤ ዝናብ ሲመታው ጠረኑ ያስፈራኛል፣ ደግሞም ይናፍቀኛል።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ምላጬን፣ ፎጣዬንና ሳሙናዬን በፌስታል ይዤ በባጃጅ ከታቦር ወደ እነ ራቢያ ሰፈር፣ ወደ አዲስ ከተማ ወረድኩ። ባለ ባጃጁ ልጅ ጉንጩን ወጥሮ ነበር፤ ያለ ማቋረጥ እያወራ ጉድጓዱን ሁሉ ያገኘዋል። እኔ የማስበው ስለ እጄ ነው። ቅጠል ሲሆን ይተዉታል፤ እድሜን ከየትኛው ማሰሮ ልድፋው?

ጎረቤቴን በትራስ ደግፈው አስቀምጠውታል። አንሷል። ራቢያ ሞቅ ያለ ውሃ አመጣች።

«ጎረቤት!» አለኝ፣ ድምፁ እንደዚያ ባትሪው እንደደከመ ቴፕ ሆኖ።

«አቤት ጎረቤት። እጄ ደህና አይደለም፣ አስቀድሜ ልንገርህ።»

«ያኔስ መች ደህና ነበር?» አለና አገጩን ወደ ላይ አነሳ። ዓይኑን ጨፈነ።

በግራ እጄ ቀኜን ደገፍኩ። ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ ሄድኩበት። ቆዳው ለስልሶ እንደ ወረቀት ሆኗል። አልቆረጥኩትም። ግን ልማድ ነውና ጣቴ ደም ስሩ ላይ አረፈ። ጫት የለበትም፤ ቡናም የለበትም፤ ሐኪሙ ሁሉን አስትቶታል። እንደ ክር ቀጥኗል፤ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል። እንዲህ ያለውን በእድሜዬ ጥቂት አንገት ላይ ነው ያገኘሁት። ጣቴን ቶሎ ማንሳት አልቻልኩም። እሱም ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ጾመኛ ነው ይላል።»

ፈገግ አለ። ፎጣውን አንገቱ ላይ ሳደርግለት እጄን ያዘና አልለቅ አለ። ተንቀጠቀጠ፤ የማን እጅ እንደሆነ አላወቅኩም። ዘመን ሙሉ ጎረቤት ስለው የኖርኩትን ሰው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራሁት።

ነስሩ። ነስሩ ሙዘይን ይባላል።